ኮሮላዬ ይነሳል፣ ወዲያው ይጠፋል፤ ፓምፕ ተቀይሮም ያው ነው

ኮሮላ04 (አዲስ አበባ፣ ሰሚት)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቸግሮኝ ነው የመጣሁት። መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ነው። በፈረንጆች የ2004 ስሪት፣ 1.6 ቤንዚን፣ ማንዋል። ቁልፍ ሳዞር ቀጥ ብሎ ይነሳል። ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ጤነኛ ነው፣ ባትሪውም ገና ነው። ግን ሁለት ሦስት ሰከንድ ይቆይና ድርግም ይላል። ደግሜ ባዞር ያው ነው። ይነሳል፣ ይጠፋል።

ሰፈር ያለ መካኒክ አይቶት "የቤንዚን ፓምፕ ነው" አለ። ተገዛ፣ ተቀየረ። ገንዘቡ ሄደ፣ መኪናው ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። አሁን ደግሞ "ኮምፒውተሩ ሳይሆን አይቀርም" ብሎ ሌላ ዋጋ ጠርቷል። እዚህ ላይ ነው ቆም ያልኩት። በማሽን ሲታይ ምንም የብልሽት ኮድ አላወጣም። ቼክ ኢንጂኑም ቁልፍ ሲከፈት ይበራል፣ ሲነሳ ይጠፋል፣ እንደ ደንቡ ነው።

ኮምፒውተር ከመግዛቴ በፊት ምን ላሳይ?

የጎፋው

ፓምፕ ነው ወንድሜ። አሁን ገበያ ላይ ያለው ግማሹ ፎርጅድ ነው። አዲስ ተብሎ የተገጠመልህ ራሱ ላይሠራ ይችላል። የእኔም እንደዚሁ ሲያደርገኝ ከርሞ መጨረሻ ላይ ኦሪጅናል ሳስገባ ነው የዳነው። ዝም ብለህ ኦሪጅናል ፈልግ።

ባትሪና ሽቦ

ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ስለሆነ በእኔ በኩል ያለውን ልጠይቅ። የሚጠፋው ልክ ቁልፉን ስትለቀው ነው ወይስ ከለቀቅከው በኋላ ትንሽ ሠርቶ? ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ቁልፉ ስታርት ላይ ሲሆን መብራት የሚያልፍበት መንገድ ሌላ ነው፣ ወደ ኦን ሲመለስ ደግሞ ሌላ። የቁልፍ ማብሪያው ውስጥ ያለው የኦን ኮንታክት ሲበላ፣ ሞተሩ ቁልፉን ይዘህ ሳለ ይነሳል፣ እጅህን ስታነሳ በዚያችው ቅጽበት ቀጥ ይላል። ሰከንድ እንኳ አይሰጥህም። አብዛኛውን ጊዜ የዳሽቦርዱ መብራትም አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ቁልፋቸው ላይ የቤት፣ የቢሮ፣ የመጋዘን ቁልፍ ሁሉ አንጠልጥለው የሚነዱ ሰዎች መኪና ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ክብደቱ ማብሪያውን ይበላዋል።

ቨርጂኒያ_ጄታ

ከዚህ ከአሜሪካ፣ ከአሌክሳንድሪያ ነኝ። የእኔ ጄታ ልክ እንደዚህ ነበር የሚያደርገው። ይነሳል፣ አንድ ሁለት ሰከንድ፣ ከዚያ ጥፍት። ችግሩ ቁልፉ ነበር። ቁልፉ ውስጥ ያለችውን ቺፕ መኪናው ካላወቃት ሌባ ነው ብሎ ያጠፋዋል። ቮልስዋገን ላይ ይህ የታወቀ ጠባይ ነው። ሁለተኛ ቁልፍ ካለህ በእሱ ሞክር። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ወይም የመኪና ሥዕል ያለባት መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች?

ኮሮላ04

እናመሰግናለን። ወንድሜ ለምትሉኝ፣ ሴት ነኝ፣ ግድ የለም ግን።

ባትሪና ሽቦ፣ ቁልፉን ከለቀቅኩት በኋላ ነው የሚጠፋው። ለቅቄው፣ እጄን መሪው ላይ አድርጌ፣ ከዚያ ነው የሚጠፋው። የዳሽቦርዱ መብራትም አይደበዝዝም። የቁልፏ መብራት ደግሞ ቁልፍ ሳስገባ ትጠፋለች፣ ተመልሳ አትበራም። በሁለተኛው ቁልፍም ሞክሬዋለሁ፣ ያው ነው።

ቨርጂኒያ_ጄታ

እንግዲያው የእኔ በሽታ አይደለም። ቶዮታ ላይ ቁልፉ ገብቶ መብራቷ ብልጭ ብልጭ ማለቷን ከቀጠለች ነበር የሚያሰጋው።

ጀማሪ ሹፌር

እኔም ቪትዝ አለችኝ፣ ተመሳሳይ ነገር ጀማምሯታል። ይህን ውይይት እየተከታተልኩ ነው።

ሐዋሳ_ዲኤክስ

ለኮሮላዋ ባይሆንም፣ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው የድሮ ዕቃ) ያለው መኪና የያዘ ሰው ካነበበው ይጠቅመዋል ብዬ ነው። ቶዮታ ዲኤክስ ነው የምነዳው፣ አሮጌዋን። እሷም ትነሳና ትጠፋ ነበር። ነዳጅ ስረግጥ ትሠራለች፣ እግሬን ሳነሳ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ አትቆምም። ካርቡራተሩ ጎን ላይ አንዲት ሽቦ የገባባት ትንሽ ሶሌኖይድ አለች። ቁልፍ ሲከፈት ጠቅ ብላ የሚኒሞውን ቀጭን የቤንዚን መንገድ ትከፍታለች። ሽቦዋ ተነቅላ ነበር። መልሼ ሰካሁት፣ በቃ። የነዳጅ ፊልትሮና ካንዴላ ቀይሬ ጨርሼ ነበር።

የጎፋው

ፓምፑን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ቁልፉን ኦን ላይ አድርገሽ የኋላ ወንበር ላይ ጆሮሽን ጣይ። ለሁለት ሰከንድ "ዝዝዝ" ካላለ ፓምፑ ሞቷል። ይህን ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ይናገረዋል። ሌላው፣ ትንሽ ቤንዚን በሃይላንድ ይዘሽ ከፊልትሮው በኩል አየር መግቢያው ላይ ጠብ ጠብ ሲያደርጉልሽ አስነሺው። ከቆየ ቤንዚን ነው የጎደለው ማለት ነው።

ጋሽ መፍቻ (ጡረታ የወጣ መካኒክ)

በሃይላንድ ቤንዚን የሚባለውን ማንም እንዳይሞክር። ሞተሩ ወደ ኋላ ካስነጠሰ እሳቱ የሚወጣው በዚያው በምታፈሱበት በኩል ነው። እጁ የተቃጠለ ልጅ አውቃለሁ።

የፓምፑ ድምፅ ነገርም በዚህ መኪና አይሠራም። ቁልፍ ሲከፈት ለሁለት ሰከንድ ድምፅ የሚሰጡ መኪኖች አሉ፣ እውነት ነው። የዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታዎች ግን ቁልፍ ኦን ላይ ብቻ ሲሆን ፓምፑን አያዞሩትም። ሞተሪኖው ሲዞር ወይም ሞተሩ እየሠራ መሆኑን ኮምፒውተሩ ሲያውቅ ነው የሚያዞሩት። በዚህ ዘዴ ስንት ደህና ፓምፕ ተጣለ!

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ ልጄ። ኮምፒውተሩን ተይው። እስካሁን ምርመራ ያደረገልሽ ሰው የለም፣ ዕቃ ነው የተቀየረልሽ።

መኪና ተነስቶ ወዲያው ሲጠፋ መነሳቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ብልጭታ አለ። ኮምፕረሽን (የሲሊንደር ግፊት) አለ። ቤንዚንም ቢያንስ ለጥቂት ሰከንድ አለ። ስለዚህ ፍለጋው የሚጠበው፣ ሲነሳ የማያስፈልግ፣ ከተነሳ በኋላ ግን የሚያስፈልግ ነገር ላይ ነው።

ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ኮምፒውተሩ የሚረጨውን ቤንዚን በዋናነት የሚወስነው በሞተሩ ውሃ ሙቀት ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ በዛ ያደርጋል፣ ሞቃት ከሆነ ይቀንሳል። የአየሩን ልክ በዚያ ሰዓት አያምነውም፣ ሞተሩ እየተንገጫገጨ በዝግታ ስለሚዞር። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን ሂሳቡ በአየር መለኪያው ይሆናል። ለማስነሻ የተጨመረው ቤንዚን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ "ስንት አየር ገባ?" በሚለው ላይ ነው። የአንቺ ሁለት ሦስት ሰከንድ ከዚህ ጋር ይገጥማል። የግድ ይህ ነው አላልኩም፣ ይገጥማል ነው ያልኩት።

ሁለት ነገር መልሺልኝ። ከተነሳ በኋላ ነዳጅ በስሱ ረግጠሽ ብትይዢው ይቆያል ወይስ ይብሳል? ደግሞ ይህ ነገር ከመጀመሩ በፊት መኪናው ላይ ማን ምን ነካ? "ምንም" እንዳትዪኝ፣ ደህና አድርገሽ አስቢ። እጥበት፣ ሰርቪስ፣ ባትሪ ማንሳት፣ ሬዲዮ ማስገጠም፣ ሁሉም ይቆጠራል።

ጀማሪ ሹፌር

ጋሼ፣ በማሽን ሲታይ ለምን ኮድ አላወጣም? ዘመናዊ መኪና ሁሉንም ራሱ የሚናገር መስሎኝ ነበር።

ጋሽ መፍቻ

ኮድ ለመጻፍ ኮምፒውተሩ ጊዜ ይፈልጋል። ለምሳሌ ፒ0171 የሚባለው ኮድ፣ ድብልቁ ቤንዚን አነሰው የሚለው፣ የሚመጣው ሞተሩ ሞቆ፣ የጭስ ማውጫው የኦክስጅን ሰንሰር ሥራ ጀምሮ፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ጨምሮ ጨምሮ ሲያቅተው ነው። ሦስት ሰከንድ የሚኖር ሞተር እዚያ አይደርስም። ሽቦ ቢበጠስ፣ ሰንሰር ጨርሶ ቢሞት ቶሎ ይጽፋል። ስለዚህ "ኮድ የለም" ማለት "ጤነኛ ነው" ማለት አይደለም። "ኮድ ስለሌለ ኮምፒውተሩ ነው" ማለት ደግሞ ከየት እንደመጣ ፈጣሪ ይወቀው።

ባትሪና ሽቦ

ጋሼ እንዳሉት ነው። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ፓምፕ ከመቀየሩ በፊት የነዳጅ ግፊት በጌጅ መለካት ነበረበት። ለእንደዚህ ዓይነቱ ኮሮላ ከ3 እስከ 3.4 ባር አካባቢ ይፈለጋል። ጌጁ ተሰክቶ ሞተሩ ሲጠፋ መርፌው አስቀድሞ ከወረደ ነዳጅ ነው፣ ሞተሩ ጠፍቶም መርፌው ከቆመ ነዳጁ አይደለም። የአሥር ደቂቃ ሥራ ናት። ግን ጌጅ የያዘ ጋራዥ ማግኘት ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

ኮሮላ04

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜን አስነሺ አስረጋጭ አድርጌው አብረን ሞከርነው። ነዳጅ ሲረገጥ ይብስበታል። ጭራሽ ሳል ብጤ ያደርገውና ቶሎ ይጠፋል። ሳይረገጥ ነው ትንሽ የሚቆየው።

የተነካ ነገር ላሉት፣ ሰርቪስ አስደርጌ ነበር። ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮና የአየር ፊልትሮ። ከዚያ ግን ደህና ነድቼዋለሁ። ሥራ ሄጃለሁ፣ ቤት ገብቻለሁ። አንድ ቀን ከአያት ሰፈር ስመጣ ያ የተቆፋፈረው መንገድ ላይ ትንሽ ሲያንገራግርብኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ነው እንደዚህ የሆነው። ስለዚህ ሰርቪሱ አይመስለኝም።

የጎፋው

ያንገራገረው ቤንዚን ስላነሰው ነው። ፓምፕ።

ጋሽ መፍቻ

አንተ ልጅ ፓምፕ ትሸጣለህ እንዴ?

ቤንዚን አንሶታል፣ እዚያ ላይ ተስማምተናል። ያነሰው ግን ስለማይመጣ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ "ይህ ይበቃል" ብሎ ስላሳነሰው ነው? ጥያቄው እሱ ነው።

ልጄ፣ የሰጠሽኝ መልስ ጥሩ ነው። ነዳጅ ስትረግጪ የሚቆይ ቢሆን ኖሮ ትሮትሉ (ለሞተሩ አየር የሚያስገባው በር) ቆሽሿል ወይም የሚኒሞ አየር የሚሰጠው ቫልቭ ተጣብቋል እልሽ ነበር። እግርሽ በሩን ስለሚከፍትለት ይተነፍሳል። የአንቺ ግን በሩ ሲከፈት ይብሳል። አየር ሲበዛ የሚብስ ከሆነ፣ አንድም ቤንዚኑ አልደረሰም፣ አንድም ኮምፒውተሩ ያላወቀው አየር እየገባ ነው። ፓምፑ አዲስ ነው፣ ቢያንስ በወረቀት። የአየር ፊልትሮ ደግሞ ተነክቷል። እኔ ብሆን ከዚያ ነው የምጀምረው፣ በነጻ የሚታይ ስለሆነም ጭምር።

ኮፈኑን ክፈቺ። የአየር ፊልትሮው ያለበት ጥቁር ሳጥን አለ። ክዳኑ ላይ ወይም ከክዳኑ ቀጥሎ ሽቦ የተሰካባት ትንሽ ዕቃ አለች፣ የአየር መለኪያው ናት። ከእሷ ቀጥሎ እንደ አኮርዲዮን የተጨማደደ ጥቁር የጎማ ቱቦ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው። በመለኪያው በኩል የገባውን ይቆጥራል፣ አጥር ዘሎ የገባውን አያይም። ከመለኪያው በኋላ ቱቦው ከተከፈተ ሞተሩ ብዙ አየር ይስባል፣ ኮምፒውተሩ ግን በመለኪያው ያለፈችውን ትንሽ አየር አይቶ ትንሽ ቤንዚን ይሰጣል። በማስነሻው ቤንዚን ይነሳል፣ እሱ ሲያልቅ ይጠፋል።

ሰርቪስ የሚሠራው ልጅ ፊልትሮውን ለመቀየር ያንን ክዳን ወደ ላይ ያነሳል። ቸኩሎ ቱቦውን ሳይፈታ ከጎተተው ሃያ ዓመት የኖረ ጎማ ምን እንደሚሆን አስቢው። ያን ቀን ትንሽ ይሰነጠቃል፣ ቀሪውን ያ የአያት መንገድ ይጨርሰዋል።

መጀመሪያ ሽቦው በደንብ መሰካቱን እይ። ቀጥሎ የቱቦው ማሰሪያዎች በሁለቱም ጫፍ መጥበቃቸውን።

ኮሮላ04

አየሁት ጋሼ። ሽቦው ተሰክቷል፣ ጠቅ እስኪል ተጫንኩት። ማሰሪያዎቹም ጠብቀዋል፣ በመፍቻ ሞከርኳቸው። ቱቦውም ደህና ይመስላል። ፎቶ ልኬያለሁ፣ እዩት።

ባትሪና ሽቦ

ፎቶው ከላይ ነው የተነሳው። ከላይ ሁሉም ቱቦ ደህና ነው።

ጋሽ መፍቻ

ዓይንሽን ሳይሆን ጣትሽን ተጠቀሚ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን። እጅሽን ከሥር አስገብተሽ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ ዳብሺ። ቱቦውን ወደ ላይ ጠምዘዝ አድርጊው። እንደዚህ ዓይነት ጎማ የሚቀደደው በአብዛኛው ከሥር፣ እጥፋቱ ውስጥ፣ ወደ ትሮትሉ ጠጋ ብሎ ነው። ቆሞ ሲያዩት ተገጣጥሞ ይታያል። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ይወዛወዝና ይከፈታል። ነዳጅ ሲረገጥ ይበልጥ ይወዛወዛል፣ ይበልጥ ይከፈታል።

ሐዋሳ_ዲኤክስ

ጋሼ፣ እሷ እስክትመጣ ድረስ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሐዋሳ ያስተካከልኩት ካርቡራተር አዲስ አበባ ስወጣ የቤንዚን ሽታ ይበዛበታል፣ ሚኒሞውም ይወርዳል። ከፍታው ነው የሚሉኝ እውነት ነው?

ጋሽ መፍቻ

እውነት ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሐዋሳ ዝቅ ትላለች፣ ስለዚህ አየሯ ወፈር ይላል። ካርቡራተር አየሩ መቅጠኑን አያውቅም፣ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይሰጣል፣ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። የኮሮላዋ ዓይነት መለኪያ ግን የሚለካው የአየሩን ክብደት ስለሆነ ራሱ ያስተካክለዋል። ለዚህ ነው መለኪያው ጤነኛ፣ ቱቦውም ድፍን መሆን ያለበት።

ኮሮላ04

ጋሼ!!!

ተገኘ። ከሥር፣ ልክ እንዳሉት፣ ሁለተኛው እጥፋት ላይ። ሁለት ጣቴ ገባበት! ከላይ ሲያዩት ምንም አይልም። ወንድሜ ከሥር በስልክ ፎቶ አንስቶት ነው የታየን፣ ግማሽ ክቡን ዞሮ ተቀዷል።

አሁን በፕላስተር ጠቅልዬ ልሞክረው ወይስ ሳልነካው ልተወው?

የጎፋው

ፕላስተር ይበቃል። እኔ የማውቀው ሰው በከረጢት ጠቅልሎ ደሴ ደርሷል።

ጋሽ መፍቻ

ለሙከራ ጠቅልዪው። ዘይቱንና አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፣ አለዚያ አይዝም። ወፍራም ፕላስተር ሦስት አራት ዙር አድርገሽ አስነሺው። ከቆየ ምርመራው አለቀ።

ደሴ ድረስ ግን አይሆንም። የሞተሩ ሙቀት ሙጫውን ያቀልጠዋል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል፣ መሀል መንገድ ያቆምሻል። ከዚያ የባሰ ደግሞ አለ። ቀዳዳው ከፊልትሮው በኋላ ነው። የሚገባው አየር አልተጣራም። የእኛን አገር አቧራ ሞተር ውስጥ ማስገባት ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) እና ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ነው። ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው ድረስ፣ ለመሄጃ ብቻ ይሁንሽ።

ኮሮላ04

ተነሳ! ቆየም! ነዳጅ ስረግጥም ደህና ነው። ወንድሜ ግቢ ውስጥ እየዞረበት ነው።

ጋሼ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ባትሪና ሽቦ

ሶማሌ ተራ ስትሄጂ አሮጌውን ቱቦ ይዘሽ ሂጂ። የ1.6ና የ1.8 ቱቦ ይመሳሰላል፣ ጎን ላይ የሚወጡት ትንንሽ ቱቦዎች ግን ቦታቸው ሊለያይ ይችላል። ያገለገለ ከሆነ እጥፋቶቹን ከፍተሽ በብርሃን እይ። ሲታጠፍ ነጣ ነጣ የሚል መስመር ካወጣ እሱም የተሰነጠቀ ነው። የቤት መኪና በቤንዚንና በናፍጣ ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለውን ኮሮላ እንደ ዓይን ብሌኑ ነው የሚጠብቀው፣ ስለዚህ ደህና ያገለገለ ዕቃ በርካሽ አገኛለሁ ብለሽ አትጠብቂ። ለጎማ ነገር አዲስ ይሻላል።

ቨርጂኒያ_ጄታ

እዚህ ይህች ቱቦ ምንም አትባልም፣ ርካሽ ናት። ችግር ከሆነ በሰው እልካለሁ፣ የሻሲ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። እዚህ በይፋ እንዳትጽፊው።

ኮሮላ04

ተባረክ ወንድሜ። መጀመሪያ ሶማሌ ተራን ልሞክር።

ጀማሪ ሹፌር

ጋሼ፣ የእኔስ ቪትዝ? የእኔ ነዳጅ ሲረገጥ ይቆያል። እግር ሲነሳ ይጠፋል። ባትሪ ተነስቶ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ነው የጀመረው። ከዚያ በፊት ሚኒሞው ትንሽ ዝቅ ይል ነበር እንጂ አይጠፋም ነበር። ቱቦውን ከሥር ዳብሼዋለሁ፣ ድፍን ነው።

ጋሽ መፍቻ

ያንተ ሌላ ነው፣ ይቀላልም። ትሮትሉ ለዓመታት ሲቆሽሽ ኮምፒውተሩ ቀስ በቀስ እየለመደው፣ ለሚኒሞ ትንሽ ትንሽ እየከፈተለት ይኖራል። ባትሪ ሲነሳ የለመደውን ይረሳል። ንጹሕ ትሮትል አለኝ ብሎ በድሮው ልክ ይከፍታል፣ ጥላሸቱ ደግሞ ያንን ይዘጋዋል። የአየር ቱቦውን ፍታና በባትሪ መብራት እይ። የትሮትሉ ክዳን ጠርዝ ጠቁሮ ታገኘዋለህ።

የትሮትል ማጽጃ እርጭ ግዛ። ጨርቁ ላይ ርጨህ ጠርዙንና ግድግዳውን ጥረግ። በነዳጅ ገመድ የሚሠራ ከሆነ ክዳኑን በእጅህ ከፍተህ ከኋላው ጥረግ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ግን ቁልፍ ተከፍቶ ሳለ ጣትህን እንዳታስገባ፣ በኃይልም እንዳትገፋው፣ ጥርሱን ትሰብራለህ። የአየር መለኪያውን በዚህ እርጭ አትንካው፣ ለእሱ የራሱ አለ። ከጨረስክ በኋላ መጀመሪያ ላይ ሊያስቸግርህ ይችላል። አስነሳው፣ ኤሲና መብራት ሳትከፍት ሚኒሞ ላይ እስኪሞቅ ተወው። ከዚያ ንዳው፣ ይለምዳል።

ጀማሪ ሹፌር

አመሰግናለሁ ጋሼ። ቅዳሜ እሞክረዋለሁ። መጀመሪያ ግን ገመድ ይሁን ኤሌክትሪክ እንዴት ነው የማውቀው?

ጋሽ መፍቻ

ሰው ነዳጅ እንዲረግጥልህ አድርገህ ሞተሩ ጠፍቶ ትሮትሉን እይ። ገመድ ሲጎተት ካየህ ገመድ ነው። ገመድ ከሌለና ጎኑ ላይ ሽቦ የገባበት ጥቁር ሞተር ካለ ኤሌክትሪክ ነው።

ኮሮላ04

ቱቦው ተገኘ፣ አዲስ ነው፣ ተገጥሟል። ከሥራ ተመልሼ ነው የምጽፈው፣ ደህና ነው። ሚኒሞው ትንሽ ዝቅ ከፍ ይላል እንጂ አይጠፋም። የጋሼን የትሮትል ማጽጃ እኔም ላደርገው ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የተነሳው አሮጌ ፓምፕ እጄ ላይ ነው። መካኒኩን ካልሰጠኸኝ ብዬ ተቀብዬዋለሁ። አሁን መልሼ ላስገባው ወይስ አዲሱ ይቆይ?

ባትሪና ሽቦ

አዲሱን ግፊቱን አስለኪው። ከ3 ባር በላይ ከያዘ፣ ድምፁም ካልበዛ ተይው፣ ታንኩን ደጋግሞ መክፈት አይመከርም። ካልያዘ አሮጌውን መልሺ። ከመኪናው ጋር የመጣ ኦሪጅናል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከገበያው አዲስ ይሻላል።

ጋሽ መፍቻ

ልክ ነው። ደግሞ ክዳኑ ላይ ያለውን የጎማ ቀለበት አዲስ አስደርጊ፣ አሮጌው አንዴ ከተከፈተ የቤንዚን ሽታ መኪና ውስጥ ያስገባል።

የጎፋው

እህቴ፣ አሮጌውን ፓምፕ የማትፈልጊው ከሆነ እኔ ልየው። ዋጋ ንገሪኝ።

ኮሮላ04

ጌጁ ጋ ልድረስና እነግርሃለሁ። የተለካ ፓምፕ ውድ ነው።